የውጅግራው እንጨት

የማሩ አርባ በወጣ ማግስት የሟቹ ወንድም አላምረው ውጅግራ ጠመንጃውን ሊወስድ መጣ። የማሩ ልጅ የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማ አልሰጥም አለች። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ፤ ሽማግሌው አያ ህሩይም አጭር ፍርድ ሰጡ።

«ጠመንጃ የሚተኩስበት ሰው ነው የሚይዘው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከገደሉ ማዶ ድንጋይ ይቆማል። ከመታችው የእሷ፣ ከሳተችው የአጎቷ።»

አላምረው ሳቀ። ሳቁ ያለ ነገር አልነበረም። ድብ ባሕር ከሚባለው ስፍራ በላይ ባለችው በዚያች መንደር፣ ያ ውጅግራ መሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ያልሰማ የለም። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ገብሱን ሲግጡ ተኩሱን ቀና ብለው አያዩትም።

የትነበርሽ ግን ውጅግራው መሳት የጀመረው ከመቼና ለምን እንደሆነ ታውቃለች። የአፈሙዙ ብረት የሚተኛበት የፊት እንጨት ተሰንጥቆ ነበር። ቀጥቃጮቹ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ጠመንጃ የሚጠግን በመጥፋቱ፣ አላምረው ራሱ ብረቱንና እንጨቱን አንድ ላይ በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠፈረው። የተሰበረ ሞፈር እንዲያ ነው የሚጠገነው። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አጣመመ፤ እንጨቱም ብረቱን ወደ ግራ ገፋው። ሰዉ ግን «አላምረው የጠፈረው አይላላም» እያለ ያሞግሰው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ተቀምጣ ጠፍሩን በቢላዋ በጠሰችውና ብረቱን ከእንጨቱ አላቀቀች። ስንጥቁን ከጎንደር ባስመጣችው ሙጫ ሞልታ፣ በገመድ አስራ አሳደረችው። ዓርብ የድስት ጥቀርሻ በኑግ ዘይት ለውሳ የብረቱን ሆድ ቀባችና እንጨቱ ላይ አስተኝታ አነሳችው። እንጨቱ ሁለት ቦታ ብቻ ጠቁሯል። ብረቱ የተንጠለጠለው በእነዚያ ሁለት ጉብታዎች ላይ ነበር ማለት ነው። ጥቁሩን በጠርሙስ ስባሪ ፋቀች፤ እንደገና ቀባች፣ አስተኛች፣ አነሳች፣ ፋቀች።

አላምረው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«አንቺ! ምነው ጠፍሬን ቆረጥሽው?»

«ጠመንጃ ሞፈር አይደለማ፣ አያ አላምረው።»

«ደግሞ ቀጥቃጭ ሆንሽ? ነገ ቡዳ ናት ይሉሻል!»

«ይበሉ። ዓይኔን ፈርተው ማሳዬን አይረግጡትም።»

«አባትሽ ይህን ቢያይ!»

«አባቴ ሲተኩስ ጥይት የማቀብለው እኔ ነበርሁ። እርስዎ ያኔ ቀንበር ይጠፍሩ ነበር።»

«እሑድ እንተያያለን!»

«አይቅሩ ብቻ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጥቀርሻው ከዳር እስከ ዳር እኩል አረፈ። እንጨቱን ሰም ቀብታ ብረቱን መለሰችበት። መሞከሪያ ጥይት አልነበራትም፤ ማሩ የተወላት ሁለት ብቻ ነው።

እሑድ መንደሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰበሰበ። ከማዶ የሰው ራስ የምታህል ነጭ ድንጋይ ቆመች። የትነበርሽ በሆዷ ተኝታ ውጅግራውን ስታጎርስ፣ አያ ህሩይ አዝነውላት ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ወደ ቀኝ አድርገሽ አነጣጥሪ። ግራ ይወስዳል።»

«ይወስድ ነበር» አለች።

የድንጋዩን መሃል ለመሃል ያዘች። ልቧ መሬቱን ሲደልቀው ይሰማታል። ሁለት ቀን የፋቀችው እንጨት ውሸታም ከሆነ ጠመንጃው የአጎቷ፣ ገብሷም የዝንጀሮ ነው። ትንፋሿን ያዘችና ቃታውን ሳበች።

ነጩ ድንጋይ ሁለት ላይ ተከፍሎ ወደ ገደሉ ተንከባለለ። እልልታው ከሴቶቹ በኩል ጀመረ።

«አንዴማ ዕውርም ይመታል!» ብሎ ጮኸ አላምረው። «ትድገመው!»

የትነበርሽ ከተኛችበት ተነሳች። አቧራዋን አራግፋ፣ የቀረችውን ጥይት መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች።

«አንዲት ናት የቀረችኝ፣ አያ አላምረው። ለድንጋይ አላባክናትም። ማየት ካማረዎ ነገ ገብሴ ውስጥ ከዝንጀሮዎቹ ጋር ይቁሙ።»

ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ፣ ውጅግራውን በትከሻዋ አነገተችና በአጎቷ ፊት ለፊት አልፋ ቁልቁለቱን ያዘች።