ሞተሩ በእድር ብረት ላይ

1.

ባትሪውን መፍታት። ተፈቷል።

የራዲያተሩን ውሃ ማፍሰስ። ፈሷል፤ ግማሹ ጫማው ውስጥ።

የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ማፍሰስ። «እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል» ተብሎ ታልፏል።

አንባቢ ሆይ፣ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ልሳነወርቅ የአሮጌ መኪናውን ሞተር ከነካምቢዮው በገዛ ግቢው ሊያወርድ ተነስቷል። ከዚህ በፊት በእጁ ያወረደው ከባድ ነገር የግድግዳ ካርታ ነው።

2. ለምን በቤቱ?

ወንድይፍራው ስላለ። ወንድይፍራው መካኒክ ነው፤ አጥር የሚጋራ ጎረቤቱና የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛው ነው። ከአራት ወር በፊት ሰው በተሰበሰበበት «ቲቸር፣ አንተ ካርታህን አንብብ፤ ሞተሩን ለኛ ተው» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለም። ኩርፊያው ይህን የሚያህል ትልቅ ምክንያት አለው።

3. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቁልፎች። ሰንሰለት። ሞተሩን ወደ ላይ የሚስብ ፓራንኮ፣ በውሰት። ፓራንኮው የሚንጠለጠልበት ሦስት ወፍራም የብረት ቋሚ።

ቋሚው ከየት ይምጣ? ልሳነወርቅ የሰፈሩ እድር ንብረት ጠባቂ ነው። የለቅሶ ድንኳኑ ብረቶች ያሉበት መጋዘን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው።*

* በደንቡ መሠረት የእድር ንብረት ከለቅሶ ውጭ ከመጋዘን አይወጣም። ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ልሳነወርቅ ነው። አንቀጹን ቢጠይቁት በቃሉ ይወጣዋል።

4.

ሚስቱ አስናቀች፣ ከበረንዳው፦

«የእድሩን ብረት ነው?»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«በቅዳሜ ምድር ማን ይሞታል?»

ይህን ያለው የተማረ ሰው ነው።

5.

ሰባት ሰዓት ላይ ሞተሩ ከቦታው ተነሳ። አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ። ልሳነወርቅ ወደ ወንድይፍራው አጥር ዞሮ ጮክ ብሎ ሳል አለ። ከዚያ ሞተሩ

ቆመ።

አይወጣም፤ አይወርድም። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ተንጠልጥሏል። ያ «ምን ያደርጋል» የተባለው ዘይት ከጅራቱ ይንጠባጠባል።

6.

ጥሩምባ።

7.

«የወንድይፍራው እናት፣ እማማ ይመናሹ አርፈዋል! እድርተኛ ድንኳን ትከል!»

8.

እማማ ይመናሹ ልሳነወርቅን «ሁለተኛው ልጄ» ይሉት ነበር። አራት ወር ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። መታመማቸውን ከሚስቱ ሰምቶ «እሱ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ» ብሎ ቀረ። አሁን ሰንሰለቱን እንደያዘ አለቀሰ። በዚህ ላይ ማሾፍ አልቻልኩም፤ ወደሚቀጥለው ቁጥር እንለፍ።

9.

አስናቀች፦ ብረቱን ንቀል።

ልሳነወርቅ፦ ብነቅለው ሞተሩ ይወድቃል።

አስናቀች፦ ይውደቃ!

ልሳነወርቅ፦ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው።

አስናቀች፦ (እያሰበችበት ይመስላል።)

10.

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ገፍቶ የገባው ወንድይፍራው ነው። ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሷል፤ ዓይኑ አብጧል። አስናቀች በላከችው ቁልፍ የወጣው፣ ሦስት ብረት የጎደለው ድንኳን ባንድ ወገኑ ተኝቶበት ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሰው ልኮ ብረቱ የት እንዳለ ሲነገረው አላመነም፤ ራሱ መጣ።

ሞተሩን አየ። ብረቱን አየ። ልሳነወርቅን አላየም።

ነጠላውን ለአስናቀች ሰጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። የማርሹን እጀታ ከወለሉ ላይ ፈትቶ ነቀለው። ከስር ገብቶ ካምቢዮውን በእጁ እየደገፈ ልሳነወርቅን ሰንሰለቱን አስጎተተው። ሞተሩ ያለ አንዳች ክርክር ወጣ። አሮጌ ጎማ ላይ አሳረፉት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

«እጀታው ሳይነቀል አይወጣም፣ ቲቸር» አለ። ማሾፉ አልነበረም፤ ድምፁን ለቅሶ ይዞታል።

11.

እድርተኞቹ ብረቱን ተሸክመው ወጡ። ማንም ልሳነወርቅን አላናገረውም።

የወንድይፍራው እጅ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሯል። በዚህ እጅ ለቀስተኛ ሊቀበል አይችልም። ልሳነወርቅ ሳሙናና አንድ ጆግ ውሃ ይዞ መጣ፤ ዝቅ ብሎ ያስታጥበው ጀመር። ውሃው ጥቁር ሆኖ ይወርዳል።

«እግዜር ያጥናህ» ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ነው። አራት ወር ለቀረ ሰው አይበቃም፤ ልሳነወርቅም ያውቀዋል። ወንድይፍራው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ጆጉ ውስጥ የቀረው ውሃ ትንሽ ነው።

12.

ልሳነወርቅ፦ እኔ ልቅደም። ይቅርታ አድርግልኝ።