ብርቱ ነኝ

ልጄ ፌበን በሥራ ቀን ፓፓያ ይዛ ስትመጣ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ዛሬ ደግሞ ማዕዶት የምትባል ነርስ ጓደኛዋን አስከትላለች።

«አባዬ፣ አቅምህን ትለካሃለች፤ ሌላ ምንም አይደለም» አለችኝ።

«ሌላ ምንም አይደለም» የሚባል ነገር ሁሌም ሌላ ነገር ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አያት ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየሟ ልትወስደኝ ትነዘንዘኛለች። እኔ ግን ከዚህ ከወሰን ሰፈር ቤቴ መውጣት ሞቴ ነው። ገባኝ፤ ከነርሷ አፍ «አቅመ ደካማ» የሚል ቃል ካገኘች፣ ብቻውን መኖር አይችልም ብላ ልትነቅለኝ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር።

ማዕዶት የሚጨበጥ የጉልበት መለኪያ ሰጠችኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ብሎን ሲፈታ የኖረ እጅ ነው፤ ስጨብጠው ዓይኗ ፈጠጠ። ወንበሩን ሳይደገፉ ይነሡ አለችኝ፤ ጉልበቴ እያለቀሰ እኔ እየሳቅሁ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ ይሂዱ ስትለኝ ደግሞ ለመገናኛ ታክሲ እንደሚሻማ ሰው ሄድኩ።

«ጋሽ ጉደታ፣ ሰሞኑን ድካም ይሰማዎታል?»

«ብርቱ ነኝ!» አልኩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ደካማውም ብርቱ ነኝ ይላል እንጂ ድካሙን አያውጅም።

«ወድቀውስ ያውቃሉ?»

ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ወድቄ፣ ግድግዳ ይዤ እስክነሣ ላብ አጥምቆኛል።

«በጌታ ስም አልወድቅም!» አልኳት። አልወደቅሁም አላልኩም፤ ውሸት ኃጢአት ነው።

ማዕዶት ወደ ፌበን ዞረች። «ከዕድሜያቸው በላይ ጠንካራ ናቸው። ደረጃው አያስቸግራቸውም።»

«የምን ደረጃ?» ደነገጥኩ።

ፌበን እጄን ያዘች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ቤቴ አራተኛ ፎቅ አይደል? ደረጃው ባይከብደኝ ዛሬውኑ እመጣ ነበር ስትለኝ አልነበር? ማዕዶት ደካማ ነው ብትለኝ እዚሁ የሚያግዝህ ሰው ልፈልግ ነበር። ተመስገን፣ አብረን ልንኖር ነው!»

ብያለሁ። ለማምለጫ ነበር።

«ፌበን፣ ባለፈው ሳምንት ወድቄአለሁ» አልኳት።

ሁለቱም ሳቁ። «አይ አባዬ! አሁን ደግሞ ደካማ ልትሆን ነው?» ግንባሬን ሳመችኝና ልብሶቼን ከቁም ሳጥኑ ታወጣ ጀመር። ማዕዶት ታጥፍላታለች።

ላስቆማት ልነሣ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ ያየኝ የለም።