የሰልዊን ባዶ መንገድ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ቀጥፌ እንደሆነ ካራቫኔ ቁልቁለት ላይ ከመኪናዬ ይፈታና እኔን ቀድሞ ባሕር ይግባ። «አንተማ መቅጠፍ ልማድህ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አስተማሪዎቼም እንዲሁ ይሉኝ ነበር፤ እነሱ ሳያባርሩኝ እኔ ቀድሜ ትምህርቱን የተውኩት ለዚሁ ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። የዛሬውን ያየ ሕዝብ ሞልቷል።

እኛ አገር፣ ፒክሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ሰልዊን ታክሬይ የሚባል ጡረተኛ አለ። ሰልዊን በጋ በመጣ ቁጥር ካራቫኑን፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያላትን ባለጎማ ቤት፣ ከመኪናው ኋላ አስሮ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። ካራቫኗ ከመኪናው ትሰፋለች። ስለዚህ የመኪናው ስፖኪዮ የሚያሳየው ነገር ቢኖር የካራቫኗን ግድግዳ ነው። ሌላው ጎታች ሁሉ በስፖኪዮው ላይ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ተቀጥላ መስታወት ያስራል፤ ሕጉም እንዲያ ይላል። ሰልዊን ግን አስሮ አያውቅም።

«ምን ልይበት?» ይል ነበር። «ከኋላዬ ሰው ኖሮ አያውቅ።»

በዚያ ላይ ሰልዊን ወግ አክባሪ ነው። ካራቫን ጎታቾች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይባባላሉ፤ ያላነሣ ስሙ ይጠፋል። ሰልዊን ደግሞ ወጉን አስፍቶት ክላክስ በሰማ ቁጥር እጁን በመስኮት አውጥቶ ያወዛውዛል። ጡጫ ቢሰነዘርበትም ያወዛውዛል። «ደግ ሰው አላለቀም፤ አየሽ እንዴት ሰላም እንዳለኝ» ይላታል ሚስቱን። ሚስቱ ኢኒድ አጠገቡ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ዓይኗ ከክሯ ስለማይነሣ ያላትን ታምነዋለች።

ኢኒድ በዚያ ሰሞን የምትነካ ሴት አልነበረችም። ዓመት ሙሉ ተቆጥታ ከርማለች፤ የተቆጣችውም ከአንድ ሆድ የወጣች እህቷን ዶሪንን ነው። እናታቸው ዊትቢ ከተማ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስትቀበር ዶሪን አልደረሰችም። አፈሩ ተመልሶ፣ ቄሱ ሄዶ፣ ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል ነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ደረጃ እያለከለከች የወጣችው።

«ካራቫን ነው» ብላ ነበር ዶሪን፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ተራራውን በሙሉ አንድ ካራቫን ከፊታችን ተደንቅሮ... ማለፍ አልተቻለም...»

ኢኒድ ለመልስ ባሏን አየችው። እሷ እናቷን ስታስታምም እዚያው ከርማ ነበር፤ ሰልዊን ግን በዚያው ጠዋት፣ በዚያው መንገድ ነው የመጣው። ካራቫኑን ከመቃብሩ አጥር ጥግ ካለው ማረፊያ አቁሞ፣ አጥሩን ዘሎ በሰዓቱ ደርሷል።

«እኔም በዚያው ነው የመጣሁት» አለ ሰልዊን፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ። «መንገዱ ባዶ ነበር። ከኋላዬ ዝንብ አልነበረም።»

ኢኒድ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት እህቷን «ውሸታም» አለቻት። «ለእናትሽ እንኳ በጊዜ መነሣት አቅቶሽ ካራቫን ታመካኛለሽ!» ዶሪን አበባዋን አፈሩ ላይ ጣለችና ወረደች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ከዶሪን የገና ካርድ መጥቶም ኢኒድ ሳትከፍተው መልሳዋለች።

የእናታቸው ሙት ዓመት ሲቃረብ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሰልዊንን አስቆመው። «ጌታዬ፣ ስፖኪዮ የለዎትም» አለው። «ሁለት አለኝ» አለ ሰልዊን። ፖሊሱም «ግድግዳ የሚያሳዩ ናቸው። ተቀጥላ ሳያስሩ ካራቫን ይዘው ደግሜ ባይዎት ከነካራቫንዎ እዚሁ ነው የሚያድሩት» አለው። ኢኒድ በማግስቱ ባሏን ከነካራቫኑ እየገፋች ግሪምሾ ሱቅ ወሰደችው።

ግሪምሾ የካራቫን ዕቃ ይሸጣል። ሁለት ዓይነት መስታወት አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

«ይኼኛው ሆዱ ወጣ ያለ ነው» አለ። «ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ግን ሁሉን አሳንሶና አርቆ ነው። የሚታሰረውም በላስቲክ ስለሆነ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይኼኛው ደግሞ ልሙጥ ነው። ጠበብ ይላል፤ ነገር ግን ያለውን በልኩ፣ ባለበት ቦታ ያሳያል። ክንዱ ረጅም ነው፤ በብሎን ነው የሚጠብቀው።»

«ሆዳሙን ስጠኝ» አለ ሰልዊን። «ነገርን ራቅ አድርጎ የሚያሳይ ደስ ይለኛል።»

«አንተን ደስ የሚልህማ ጭራሽ የማያሳይ ነው» አለች ኢኒድ።

«ደግሞ ቀላል ነው፣ የኔ ፍቅር። የዚያኛውን ክንድ ተመልከቺው፤ መኪናዬ የልብስ መስቀያ ሊመስል ነው!»

«ውጡና ሞክሩት» አለ ግሪምሾ፤ ባልና ሚስት ሱቁ ውስጥ ሲጣሉ ማየት ሰልችቶታል።

ሆዳሙ መስታወት በላስቲክ ታሰረ። ሰልዊን መሪው ላይ ተደላደለ። ኢኒድ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን እንደለበሰች ከካራቫኗ ኋላ ሄዳ ወደ ጎን ወጣ ብላ ቆመች።

«ታየኛለህ?»

«አይሻለሁ!»

ሁለት እርምጃ ወደ ሌላው ጎን ሄደች። «አሁንስ?»

«እንዴታ!»

የድምፁ ቅልጥፍና አላማራትም። ሰው አይቶ እንደዚህ ቶሎ አይመልስም። ኮቴዋን ሳታሰማ ዞራ ሱቁ ገባችና ከግሪምሾ ሻይ ጉንጭ አድርጋ፣ «እስቲ አንተ ጠይቀው» አለችው በሹክሹክታ።

ግሪምሾ በር ላይ ቆሞ ጮኸ። «ባለቤትዎ ይታዩዎታል?»

«ቁልጭ ብላ! ያ ቢጫ ካፖርት እኮ ዓይን ያፈሳል!»

ኢኒድ ኩባያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ አስቀማመጧ ግን ሻዩን ለግሪምሾ ሸሚዝ አከፋፈለው። ወጣችና በሹፌሩ መስኮት በኩል አፍንጫው ሥር ቆመች።

«ሰልዊን፣ የት ነኝ?»

ሰልዊን ደንግጦ ክላክሱን በክርኑ ተጫነው። «እንዴ! አሁን እዚያ... ቅድም እዚያ ነበርሽ እኮ!»

«ሱቅ ውስጥ ሻይ ስጠጣ ነበር! ይህን ሁሉ ዘመን 'አየሁ፣ ነጻ ነው' ስትለኝ እንዲህ ነው ያየኸው?»

«ገምቼ ነዋ። ሹፌር ይገምታል፣ የኔ ፍቅር። ልምድ የሚባለው እኮ እሱ ነው።»

ኢኒድን አንድ ነገር ከነከናት። ምን እንደሆነ ገና አላወቀችውም። ሆዳሙን መስታወት ከነላስቲኩ ነቅላ ግሪምሾ እቅፍ ውስጥ ወረወረችው፤ ልሙጡን፣ ባለረጅም ክንዱን፣ ራሷ በግራም በቀኝም ገጠመችው። ብሎኑን ስታጠብቅ የሰው አንገት የምታጠብቅ ትመስል ነበር።

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። ኢኒድ ሹራቧን ቤት ትታ፣ ለመቃብሩ የሚሆን ነጭ አበባ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መንገዱ ተራራውን መውጣት ጀመረ። ግራና ቀኙ ሐምራዊ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ በጎቹ እንደ ልማዳቸው አስፋልቱ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ሰልዊን ለበጎቹም፣ ለነፋሱም፣ ለራሱም እያዘገመ ያፏጫል።

ኢኒድ በግራዋ ያለውን አዲሱን መስታወት ቀና ብላ አየች።

መጀመሪያ የመሰላት ባቡር ነው። ቀጥሎ ግን ባቡር እዚያ ተራራ ላይ እንደማይወጣ ትዝ አላት። መኪና ነው። ከካራቫኗ ጭራ ጀምሮ፣ ኩርባውን ዞሮ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ማዶ ካለው መንደር የገባ የመኪና ሰልፍ። የፊተኛው ሹፌር ከመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጥቶ ይሰድባል። የአይስክሬም መኪና ሙዚቃዋን ከፍታ በሰልፉ መሀል ትሸጣለች፤ ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው ገዝተው፣ ልሰው ጨርሰው፣ ተመልሰው ይገባሉ፣ መኪናቸው ገና እዚያው ናት። አንድ የጡሩምባ ባንድ አውቶቡስ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ለውድድር ይለማመዳል። ትራክተር፣ አዎ፣ ትራክተር፣ «ፍጠን እንጂ!» እያለ ክላክስ ይነፋል።

ሰልዊን ክላክሱን ሰማና እጁን በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘ። «ደግ ሰው አላለቀም» አለ።

«ሰልዊን» አለች ኢኒድ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የቶቹ?»

«ከኋላህ ያሉት።»

ሰልዊን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኙ ያለውን መስታወት አየ። ፉጨቱ ቆመ። ደጋግሞ አየ። «ይሄ መስታወት ተበላሽቷል» አለ። «ያበዛል።»

«ልሙጥ ነው! ያለውን በልኩ ነው የሚያሳየው! ሆዳሙ ቢሆንማ ጉንዳን ናቸው ትለኝ ነበር!»

«እንግዲህ... ዛሬ ሰው በዝቶ ይሆናላ።»

ያን ጊዜ ሲከነክናት የሰነበተው ነገር ስሙን ነገራት። መንገዱ ባዶ ነበር። ከኋላዬ ዝንብ አልነበረም። ኢኒድ የአበባውን ግንድ እንደ ዱላ ጨበጠችው።

«አቁም።»

«እዚህ? እዚህማ...»

«አቁም ነው የምልህ! ያቺ መንገድ ዳር ያለች መቆሚያ ውስጥ አስገባት! ስንት ዓመት አልፈሃታል፤ ለምን የተሠራች ይመስልሃል? ለበግ?»

ሰልዊን ገባ። ሰልፉ ማለፍ ጀመረ። ያለፈው ሁሉ የሆዱን እየተናገረ ነው የሚያልፈው። «ከቤትህ ጋር ከምትዞር ቤትህ ብትቀመጥስ!» ይላል አንዱ። «ጢሜን ፒክሪንግ ተላጭቼ ነበር፣ አሁን እየው!» ይላል ሌላው። ሰልዊን ልማድ ሆኖበት ለእያንዳንዱ እጁን ያነሣል።

«እጅህን አውርድ!» አለች ኢኒድ። «ሰላም እያሉህ አይደለም! አንድም ቀን ሰላም ብለውህ አያውቁም!»

ወርዳ መንገዱ ዳር ቆመች። ቢጫ ካፖርቷን ነፋሱ ያርገበግበዋል። ከባንዱ አውቶቡስ ፊት የሰናፍጭ መልክ ያላት ትንሽ መኪና ትመጣለች። ኢኒድ መኪናዋን ሩቅ ሳለች ለየቻት። መሪው ላይ ዶሪን ናት፤ አጠገቧ ወንበር ላይ ነጭ አበባ ተቀምጧል።

ዶሪን እህቷን አየች። ካራቫኗን አየች። ከዚያ መንገዱ መሀል ቀጥ አለችና መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን።»

«የዛሬ ዓመትም?»

ኢኒድ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። «የዛሬ ዓመትም። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፤ እሱ ነው። ግን ያው ነው። እኔ ነኝ ያመንኩት።»

ዶሪን መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ፊቷን አየች። ከኋላዋ ክላክሱ ቀለጠ። «ታልፊያለሽ ወይስ ታድሪያለሽ!» ብሎ የአውቶቡሱ ሹፌር ጮኸ።

«ጠብቁ!» አለች ዶሪን ወደ ኋላ። «እኔ ዓመት ጠብቄያለሁ!» ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። ዓይኗ እንባ ቢሞላም ንዴቱ አልበረደም። «አሁን በጆሮዬ ልታንሾካሹኪልኝ ነው? ውሸታም ስትይኝ በሕዝብ ፊት ነበር፣ ኢኒድ። የእናታችን አፈር ላይ ቆመሽ። የአክስታችን ልጆች እስከ ዛሬ መንገድ ይቀይሩብኛል።»

«እውነትሽን ነው።»

«ታዲያ በሕዝብ ፊት በይዋ! ይኸው ሕዝብ!»

ኢኒድ ወደ አውቶቡሱ ዞረች። በየመስኮቱ ጡሩምባ የታቀፈ ሰው አንገቱን አስግጓል። ከኋላቸው ትራክተሩ፣ አይስክሬሟ፣ እስከ ታችኛው መንደር የተደረደረው ሁሉ አለ። ኢኒድ ታክሬይ በሕይወቷ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ስሙኝ!» አለች። «ይህች እህቴ ናት! ዶሪን ትባላለች! የዛሬ ዓመት እናታችን ቀብር ላይ ውሸታም ብያታለሁ! እህቴ ውሸታም አይደለችም! ካራቫኑ የኛ ነበር! የነዳውም ያው ነው፣ እዚያ ተቀምጦላችኋል!»

ከዚያ አንዱ ጡሩምባ ነፊ አላስችል ብሎት አንድ ረጅም ድምፅ ለቀቀ፤ ሌላውም ተቀበለው፤ ባንዱ በሙሉ የለቅሶም የሠርግም ያልሆነ ነገር ነፋ። በጎቹ ከአስፋልቱ ተነሡ። በጎቹን ያስነሣ ነገር እስከ ዛሬ ሌላ የለም።

ዶሪን አጠገቧ ያለውን አበባ አንሥታ ከኋላ ወንበር አስቀመጠች። «ግቢ» አለች። «ገና ተናድጄብሻለሁ።»

«ተናደጂ» አለች ኢኒድ። «እኔም ተናድጃለሁ። መንገድ ላይ አብረን እንናደዳለን።»

ሰልዊን ከመኪናው ወርዶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ቀብሩ ቀን ሆኖ መጣ። በዶሪን መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ ዶሪን» አላት። እህትማማቾቹ ሄዱ። እሱ በዚያች መቆሚያ ሰልፉ እስኪያልቅ ቆመ፤ ያለፈው ሁሉ እጁን አነሣለት፤ እሱ ግን የማንንም አልመለሰም።

ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። ትራክተሩም፣ አይስክሬሙም፣ ባንዱም። ባንዱንማ እንዴት እክዳለሁ፣ ያን የመጀመሪያውን ድምፅ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ እሷን ካልተናዘዝኩ ካራቫኔ ባሕር ይገባብኛል። ሰልዊን ይቅርታ አላለም። ጎንበስ ብሎ ዶሪንን የጠየቃት፣ ግሪምሾ መስታወቱን መልሶ ይቀበል እንደሆነ ነው።