የጎበጠው የፕላስቲክ ጋራ

አስጎብኚው አለነ፣ ደባርቅ ቱሪስት ከራቃት ወዲህ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን የጦርነት ጨዋታ ከሳጥን አወጣ። ታናሽ ወንድሙ ያርጋል ከግንባር ከተመለሰ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድሮ ግን ይህን ጨዋታ ከያዘ እህል ውሃ አያሰኘውም ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ጋራ የተቀረጸበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ፀሐይ መትቶት ጎብጧል፤ ትንንሾቹ ወታደሮች ሲያቆሟቸው ይወድቃሉ። አለነ በስልኩ ያየው ቪዲዮ «በፈላ ውሃ ንከሩት» ይላል። ነከረው፤ ፍንክች አላለም።

«የደጋ ውሃ ሙቀቱ ሳይበቃ ይንተከተካል እንጂ ባቄላስ መች በወጉ ያበስላል!» ብሎ ውሃውን ደፋው።

ሰሌዳውን ከከሰል ፍም በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ አለሰለሰው። ጣውላ ቢጭንበት ጋራው ይጨፈለቃል ብሎ ገብስ የሞላ ስልቻ አስተኛበት።

በማግስቱ ሰሌዳውን ተቃንቶ አገኘው። ሃያዎቹን ወታደሮች ጋራው አናት ላይ ደረደረና ወንድሙን ጠራው።

«ና እስቲ! አሁን አንድም የሚወድቅ የለም!»

ያርጋል መጥቶ ወታደሮቹን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በጣቱ፣ አሥራ ዘጠኙን አንድ በአንድ አስተኛቸው።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ፣ ቆሞ የቀረውን እያሳየ።