በነፃ የተሰጠ መቃብር

"እዚህ ጋ ብቻ ነው የምትፈርሚው" አለ ጅሬኛ፣ የታጠፈ ወረቀት ሄሊና ጉልበት ላይ ዘርግቶ።

ሠልስት ነው። ቦሌ ለሚ፣ ከፋብሪካዎቹ አጥር ማዶ በተተከለው ድንኳን፣ የእድሩ ሰዎች ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

ሄሊና አነበበችው። ለባሏ ለጎበና ከአባቱ እርሻ የተረፈውን፣ ቤታቸው ያረፈበትን ቦታ፣ ለታላቅ ወንድሙ ለጅሬኛ እንድትለቅ ይላል።

"ዛሬ ነው እንዴ ይሄ፣ ጋሼ?"

"ሰው ሳይበተን ይሻላል ብዬ ነው። የአባታችን መሬት ነው። አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ፤ ነገ አገሬ ልግባ ብትይ ማን ይይዝሻል?" ጠጋ አለ። "ወንድሜ የተኛው በእኔ ስም ባለ መቃብር ነው። ያንን ስሰጥሽ ዋጋ ጠየቅኩሽ?"

አልጠየቀም። ጎበና የሞተ ዕለት ደብሩ ቦታ የለንም ሲል፣ "የእኔን ውሰጂ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ምን አለ?" ብሏት ነበር። ጉልበቱን ስማ ተቀበለች። ጎበና ይህን ቢያይ ይስቅባት ነበር።

ጎበና ቀያሽ ነበር። የአባቱን ማሳ ለፋብሪካ የለካው እሱ ራሱ ነው፤ ያን ቀን ራት አልበላም። ከዚያ ወዲህ ኦሪት ማንበብ ያዘ፤ መሬት የሚል ባየ ቁጥር በእርሳስ ያሰምራል።

"መሬት ለዘላለም አይሸጥም፣ የእግዚአብሔር ነው፣ እኛ እንግዶች ነን ይላል" አላት አንዴ። "በአጭሩ ሊዝ ነው።"

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ አብርሃም፦ "አገር ሙሉ ቃል የተገባለት ሰው ሚስቱ ስትሞት የሚቀብርባት ስንዝር መሬት አልነበረውም። ኤፍሮን በነፃ ውሰድ እያለ ዋጋውን ጣል አደረገ። እምቢ ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ሙሉውን ከፈለ። ይሄን ኤፍሮን አውቀዋለሁ፤ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ የመሬት ደላላ ነው።"

ሄሊና ወረቀቱን አጥፋ ለጅሬኛ መለሰችለትና ተነሳች።

"ጋሽ ማሞ" አለች፣ ወደ እድሩ ዳኛ ዞራ። ወሬው ቆመ። "ጋሼ ጅሬኛ ባለቤቴ የተቀበረበትን ቦታ በስጦታ ሰጥተውኝ ነበር። በስጦታ አልወስደውም። ዋጋውን እዚሁ ይንገሩኝ።"

"ምን ነካሽ፣ በለቅሶ መሃል? በእኔና በአንቺ መካከል..."

"ዋጋውን፣ ጋሼ።"

ጋሽ ማሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስጦታ ከሆነ በምላሹ ፊርማ አይጠየቅበትም፣ ጅሬኛ። ሽያጭ ከሆነ ዋጋህን ጥራ።"

ጅሬኛ የተቀመጡትን ተራ በተራ አየ። ከዚያ ጠራ፤ አንድ ሽማግሌ ሰምተው አማተቡ።

"እሺ" አለች ሄሊና። የጎበና መኪና ይሸጣል።

ጋሽ ማሞ ወረቀት አስመጥተው የምስክሮቹን ስም መጻፍ ጀመሩ። "መቃብሩ ለስንት ሰው ይባል?"

"ለሁለት።"

ፈረመች። ወደ ፍራሹ ተመልሳ አልጋቸው ላይ እንደምትተኛው የጎበናን ቦታ ትታ ጥጉን ይዛ ተቀመጠች። ጎረቤቷ ምንትዋብ አጠገቧ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል፣ ሄሊና እጇን ባዶው ቦታ ላይ አኖረች።