ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ከሕክምናው የመጀመሪያ ማክሰኞ በፊት ሃብተኣብ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነው። ቀኝ እግሩን ማንሳት ይችላል፤ በደንብ ማሳረፍ ግን አይችልም። ጣቶቹ ወለሉን እየጫሩ ይመጣሉ፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ጉልበቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ያኔ ግራ እጁ የሚደገፈው ግድግዳ ይፈልጋል። ቀኝ እጁ ከደረቱ ሥር እንደታጠፈ ነው። አፉ ወደ ግራ ተንጋድዷል፤ ግንባሩን ግን የመታው ስትሮክ አልነካውም። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይረዳል። ከንግግር የተረፉለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚስቱ ስም፣ ሳይጠራት የምትመጣ «ወይ ጉድ» የምትል ቃል፣ እና ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» የማለት ልማድ። «አይ» ጠፍታለች። «አይ» ሊል ሲፈልግ «ወይ ጉድ» ትወጣለች።

ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አሥመራ ተወልዶ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ቴክኒክ ተምሯል፤ ፋናዬን ያገባውም እዚያው ነው፤ የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ናይሮቢ ከመጡ ወዲህ እስከታመመበት ቀን ድረስ በአየር ማረፊያው ዙሪያ ባሉ የአበባ መጋዘኖች ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍሎችን ሲጠግን ኖሯል። ቤታቸው ኢምባካሲ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሁን ከቤት የሚወጣው የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ጃፈር፣ ታክሲ ነጂው፣ አዝሎ ሲያወርደው ብቻ ነው።

«ጋሼ ሃብተኣብ፣ ዛሬ ደግሞ ከብደዋል» ይላል ጃፈር ደረጃው መሐል ቆሞ እያለከለከ። «እትዬ ፋናዬ ድንጋይ ነው እንዴ የሚያበሉዎት?»

«ወይ ጉድ» ይላል ሃብተኣብ ከጀርባው ላይ ሆኖ።

ፋናዬ ዊልቸሩን አጥፋ ይዛ ከኋላ እየወረደች ትስቃለች። የጎረቤት ልጆች በር ከፍተው ሲያዩት ባሏ ዓይኑን እንደሚጨፍን ግን ታያለች። እስከ መኪናው ድረስ አይገልጠውም። የሚፈልገውን ለመናገር ቃል ባይኖረውም እሷ ታውቀዋለች። ያንን ደረጃ በገዛ እግሩ መውረድ ነው የሚፈልገው።

ፓርክላንድስ ያለው ክሊኒክ ለዚህ ሥራ አንድ ትሬድሚል፣ የመራመጃ ማሽን፣ ነበረው። ከጣሪያው የሚወርድ ሰፊ ቀበቶ በበሽተኛው ወገብና ጭን ላይ ይታሰራል፤ ቀበቶው ከክብደቱ ከፊሉን ሲይዝለት እግሩ የቀረውን ብቻ ይሸከማል። ከሥር የሚረግጠው የጎማ ንጣፍ በዝግታ ይሽከረከራል። የማይንቀሳቀስ ወለል ላይ የታመመ እግር ቆሞ ያመነታል፤ እዚህ ግን መሬቱ ራሱ ስለሚሄድበት መከተል አለበት። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ደንብ አለው። እያንዳንዱ በሽተኛ ስድስት ሳምንት ይሠራል። ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ ላይ የተለካውን አሥር ሜትር ከሃያ አምስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሄደ ሌላ ስድስት ሳምንት ይጨመርለታል፤ ያልሄደ ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። ሃብተኣብ መጀመሪያ ቀን በከዘራና በፋናዬ ክንድ ሲሄድ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ፈጀበት።

የያዘችው ፊዚዮቴራፒስት ሙምቡዋ ትባላለች። ከማሽኑ ቀኝ በኩል ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። አንድ እጇ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ አንዱ ከጉልበቱ ጀርባ ነው፤ እግሩ ሲዘገይ ትገፋዋለች፣ ጉልበቱ ሊቀለበስ ሲል ትይዘዋለች። የልብ ምቱን የምትለካው በእረፍት ላይ ነው። ጎማው ሲሄድ ከተቀመጠችበት የሚታያት እግር ብቻ ስለሆነ ፊቱን በማየት ፈንታ በየደቂቃው ትጠይቃለች።

«ምዜ፣ ቱኤንዴሌ?» ሽማግሌው፣ እንቀጥል ወይ ማለቷ ነው። ሃብተኣብ ስዋሂሊውን በደንብ ይረዳል።

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል።

ሙምቡዋ ወዲያው ማሽኑን ታቆማለች፣ ውሃ ትሰጠዋለች፣ ስትጀምር ፍጥነቱን ትቀንሳለች። እንደገና ትጠይቃለች። እንደገና ትንፋሽ። እንደገና ይቆማል። ግማሽ ሰዓት መሆን የነበረበት ሥራ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ቤተሰብ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ፋናዬ ከማሽኑ ፊት ለፊት ካለው በር ውጪ ትቀመጣለች። በሩ ላይ የመስተዋት መስኮት አለ። በመስተዋቱ የባሏን ፊት ታያለች፤ ድምፅ ግን አይሰማትም። ቅንድቡን ሲያነሳና ማሽኑ ሲቆም ደጋግማ አይታ፣ ሥራው እንዲህ ነው ብላ ተቀበለችው። በሁለተኛው ሳምንት ሙምቡዋ ደረቷን እየነካች «ትንፋሽ የለውም፣ ማማ» አለቻት። ፋናዬ ሲጋራ አጢሶ የማያውቅ ሰው ሳንባው ምን ነካው እያለች ማታ ማታ ዝንጅብል ታፈላለት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ኤሊልታ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ የካርጎ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ሙምቡዋ ስለ ሳንባው ልታሳያት ወደ ውስጥ አስገባቻት።

«ምዜ፣ ቱኤንዴሌ?»

ትንፋሽ። ማሽኑ ቆመ።

«ዋይ? ለምን አቆምሽው?» አለች ኤሊልታ።

«አልሰማሽም እንዴ? አየር አጠረው።»

ኤሊልታ ሳቋ አመለጣት። «ኖ፣ ኖ! አዎ ነው ያለሽ። እኛ ስንስማማ እንደዚህ ነው የምንለው» ብላ ራሷ ትንፋሿን ሳበች።

ሙምቡዋ ተራ በተራ አየቻቸው። «ቆይ ልፈትነው። ምዜ፣ ሚስትህ ፋናዬ ትባላለች?»

ትንፋሽ።

«ቤታችሁ ኢምባካሲ ነው?»

ትንፋሽ።

«አንተ የሞምባሳ ሰው ነህ?»

ሃብተኣብ ትንፋሹን አልሳበም። ቀጥሎ «ወይ ጉድ» አለና አፉ በግራ በኩል ፈገግ አለ።

«ሦስት ሳምንት!» አለች ሙምቡዋ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቀጥል ባለኝ ቁጥር አቁሜበታለሁ።» ከዚያ ወደ ፊቱ ዞራ ቃሉን ቀስ አድርጋ ነገረችው። «ከዛሬ ጀምሮ ትንፋሽህ አዎ ነው። ማቆም ስትፈልግ ግራ እጅህን ከማሽኑ መደገፊያ ብረት ላይ አንሳ። ገባህ?»

ሳብ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ማሽኑ ሳይቋረጥ መሄድ ጀመረ፣ ቀበቶው የሚሸከመው እየቀነሰ የእግሩ ድርሻ ጨመረ። በአራተኛው ሳምንት ተረከዙ ከጣቶቹ ቀድሞ መሬት ነካ። ሙምቡዋ ልማዱ ተጋባባት፤ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ አንድ ነገር ስትጠይቃት ትንፋሿን ስባ መለሰች፣ ሴትዮዋም «አስም አለብሽ እንዴ?» አለቻት። በአምስተኛው ሳምንት ሃብተኣብ የመጨረሻዎቹን የደረጃ እርከኖች በብረቱ ተደግፎ በገዛ እግሩ ወረደ። ጃፈር ወገቡን እያሸ «ጋሼ፣ ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው» አለው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኮሪደሩን በሃያ ስምንት ሰከንድ ጨረሰ።

ወደ ሃያ አምስቱ ለመድረስ የቀሩት ሦስት ሰከንዶች ነበሩ፤ ፈተናው ደግሞ የሚቀጥለው ዓርብ ነበር።

የመጨረሻው ማክሰኞ ሙምቡዋ ፍጥነቱን እስከዚያን ቀን ከደረሰበት አሳለፈችው። ማሽኑ ላይ ትርፍ ካለው ኮሪደሩ አያስፈራውም ብላ ነው። ሃብተኣብ ያን ቀን ጠዋት ቁርሱን አልጨረሰም፤ ፋናዬ ስለ ፈተናው ተጨንቆ መስሏታል።

«ምዜ፣ ቱኤንዴሌ?» አለች ሙምቡዋ ዓይኗ ጉልበቱ ላይ ሆኖ።

ትንፋሽ።

«ጎበዝ! ትንሽ ልጨምር?»

ትንፋሽ። ጨመረች። እግሩ ደርሶ አረፈ፣ ተረከዝ ቀድሞ፣ ጉልበቱም ጸና። ከዚያ ቦታ ለሚያየው የስድስቱ ሳምንት ምርጥ እርምጃ ነበር።

«ቱኤንዴሌ?»

ትንፋሽ፣ ወዲያውም ሌላ ትንፋሽ።

በመስተዋቱ በኩል ፋናዬ ሌላ ነገር እያየች ነበር። የባሏ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቅንድቡ ግን አይነሳም። ግንባሩ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ ዙሪያ አመድ መስሏል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ገፍታ ገባች።

«አቁሚው! አዎ አላለም!»

ሙምቡዋ አማርኛውን አልተረዳችም። «ማማ፣ ውጪ ጠብቂ፣ ግሩም እየሄደ ነው።»

«አላለም እኮ ነው የምልሽ!»

ፋናዬ ዙሪያዋን አየች። ከማሽኑ ፊት ያለውን ቀይ አዝራር በመዳፏ መታችው። ጎማው ቆመ፤ ሃብተኣብ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሙምቡዋ ተነስታ ፊቱን አየችው። አንገቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆጠረች፣ ቁጥሩ ጠፋባት፣ እንደገና ጀመረች። ምቱ ፈጣን ብቻ አልነበረም፤ ሥርዓት አልነበረውም።

ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ምቱን እንዳዛባ፣ የመጀመሪያውንም ስትሮክ ያመጣው ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር ተነገራቸው። ያኔ ተመርምሮ አልታየም ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ እየመጣ የሚሄድ ነው። መድኃኒት ተጀመረለት፤ ልቡ እስኪረጋ ማሽን ላይ መውጣት ተከለከለ።

በኮሪደሩ ወንበር ላይ ሙምቡዋ ከኤሊልታ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «አዎ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች። «እጁንም አላነሳም። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ኤሊልታ ለእናቷ ተረጎመችላት። ፋናዬ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«እንደዚህ ሲል አዎ ማለት ነው ብዬ።» ትንፋሿን ሳበች።

«ቅንድቡስ?»

«ምን ቅንድብ?»

«አባትሽ አዎ ሲል ቅንድቡ ነው ቀድሞ የሚነሳው፤ ትንፋሹ ተከትሎ ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ትንፋሽማ የደከመውም ይስባል፣ የደነገጠውም ይስባል። ግማሹን ነው የሰጠሻት።»

«እማዬ፣ አይ ስዌር፣ አላውቅም ነበር። ስትሉ እሰማለሁ እንጂ...»

«ስንል አታይንም።»

ኤሊልታ ይህንን ለሙምቡዋ አልተረጎመችላትም። ሙምቡዋም ምን አለች ብላ አልጠየቀችም፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

ማታ፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ፋናዬ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። ሃብተኣብ ነቅቶ ነበር። ደረቱ ላይ የተለጠፉት ገመዶች ወደ አንድ ትንሽ ስክሪን ይሄዳሉ።

«ሃብቴ፣ አሞህ ነበር?»

ቅንድቡ ተነሳ፣ ትንፋሹ ተከተለ።

«ከመቼ ጀምሮ? ከጠዋት?»

ቅንድቡ ተነሳ።

ግራ እጁን ያዘችው። ብረት የሚጨብጥበት እጁ ነው፤ ጤነኛ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጣቶቿን አጥብቆ ያዛቸው።

«ይህንን እጅህን ማንሳት ትችል ነበር?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ መለሰው። ቅንድቡ ተነሳ፣ ትንፋሹን ሳበ።

«ታዲያ ለምን?» አለችው፤ ግን ይህ በአዎ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

«ፋናዬ» አለ። ጠበቀችው። «ወይ ጉድ» አለ። እንባው በደህናው ጉንጩ ወረደ። እሷም የደረጃውን ነገር አላነሳችም፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ «ዓርብ ካለፍክ ጃፈር ያርፋል» እያለች ስታበረታታው የነበረችው ራሷ ናት።

ክሊኒኩ የፈተናውን ቀን ለሁለት ሳምንት አራዘመላቸው፤ ከዚያ በላይ ማራዘም አልተቻለም፤ የሚቀጥለው በሽተኛ ከማቻኮስ መጥታ ዘመድ ቤት አርፋ ትጠብቅ ነበር። በሁለቱ ሳምንታት ሃብተኣብ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ ወደ ሳሎን ብቻ ሄደ። በፈተናው ቀን ጃፈር ከአራተኛ ፎቅ እስከ መሬት አዝሎ አወረደው። በዚያ ቀን አልቀለደም።

ኮሪደሩ ላይ ሙምቡዋ ከኋላው አልቆመችም። ከመስመሩ መጨረሻ ፊቱን እያየች ቆመች፤ ሌላ ሠራተኛ በጎኑ ተከተለው፣ ኤሊልታ የልብ ምቱን የሚያሳየውን መሣሪያ ይዛ በግራው ሄደች። ፋናዬ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ሃብተኣብ ከዘራውን ጨበጠ። ተረከዙ አሁንም ከጣቶቹ ቀድሞ ያርፋል፤ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ሸሸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ማንም ሳይነካው ራሱ መለሰው። የልብ ምቱ አልተዛባም። መስመሩን አለፈና ቆመ፤ ከዚያ ሙምቡዋ የያዘችውን ሰዓት አየ።

ሠላሳ አንድ ሰከንድ ከአራት አሥረኛ ነበር።