ከበሩ የተነሳ ቀይ ጨርቅ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ሳያሸት ደረቀ። ከብት ያለው ከብቱን ነድቶ በዋጃ ከተማ በኩል ሄደ። ከዚያ ሳል ገባ፤ የቆቦ ሆስፒታል ሞላ።

ኡበይድ ሚስቱን ዚነትን የቀበረው ያኔ ነው። ከለቅሶው ዳስ ደጃፍ የውሃ ጀሪካንና ሳሙና አኖረ። ምንጣፉ ባዶ ነበር። ከዚነት ጋር ትሠራ የነበረችው ነርስ ሀስና ብቻ ራቅ ብላ ተቀምጣለች።

"ሰዉ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ምን ይጠብቃል?" አለች በሹክሹክታ።

"ሸህ ሙዓዊያን" አላት ኡበይድ። "የሰፈሩ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ለቅሶዋን ካልደረሱ ማንም አይገባም። ዚነት ሰው እንደበደለች ትቀራለች።"

ዚነትም ነርስ ነበረች። በቆቦ የራስን በሽተኛ ጠይቆ የጎረቤቱን አልጋ ማለፍ ነውር ነው። ጠያቂ ሁሉ እየጨበጠ፣ እየሳመ እስከ ዳር ይዘልቃል። እግሩ ተሰብሮ ወይም በወባ ገብቶ እዚያው ሳል የያዘውን ሰው ዚነት ታስመረምር ነበር። የሳሉ ቫይረስ ከተገኘበት አልጋው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። ጨርቁ ከበሩ ተነስቶ አልጋ ባልጋ ወደ ውስጥ ሄደ። ጠያቂው የሚሄድበት መንገድ ነበር፤ በሽታውን የሚያዞረው ጠያቂው መሆኑ ገባት።

በሩን ለጠያቂ ሁሉ ዘጋች። ሸህ ሙዓዊያ ሚስታቸውን ራዊያን ሊጠይቁ መጡ።

"ልጄ፣ ልያትና ልመለስ።"

"በመስኮት ይዩዋት፣ አባባ።"

"የገዛ ሚስቴን እንደ ሌባ በመስኮት?"

ሸህ ሙዓዊያ ሳይገቡ ራዊያ ሞተች። ሰዉ በሽታውን ፈርቶ ሲሸሽ መቃብሯን ኡበይድ ብቻውን ቆፈረ። ሸህ ሙዓዊያ ግን ከለቅሷቸው አስነሱት። "የበረኛዋ ባል እዚህ አይቀመጥም" አሉ።

በሩ ከተዘጋ ወዲያ ግን አዲስ ጨርቅ እየቀነሰ ሄደ። የመጨረሻው የታሰረው ራሷ ዚነት ሳሉ ይዟት በተኛችበት አልጋ ላይ ነው።

በዚነት ለቅሶ ቀን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ሸህ ሙዓዊያ ከዳሱ ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ኡበይድ፣ አንተስ እጇን ይዘህ ሸኘሃት አሉ። ላንተ በሩ ተከፈተ።"

ኡበይድ አቀረቀረ። ሀስና ብድግ አለች።

"ማን ከፈተለት? እሱም መስኮቱ ጋ ነበር። በሩን ሲገፋ እሷ ከአልጋዋ ሆና በእጇ 'አትግባ' አለችው። ትንፋሿ እስኪቆም ከውጭ ቆሞ አያት።"

ሽማግሌው ወደ ኡበይድ ዞሩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎትስ፣ ራዊያ ትመለስ ነበር?"

ዱላቸውን ከዳሱ ቋሚ አስደገፉ። ጀሪካኑን አዘንብለው፣ ሳሙናውን አንስተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ማዶ የቆሙት ተያዩ። አንዱ ተሻገረ፤ ሌሎቹም ተከትለው ጀሪካኑ ጋ ተራ ያዙ።

ሸህ ሙዓዊያ ኡበይድን ሳይጨብጡ፣ ከፊቱ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ።

"ራዊያን ቀብረህልኝ አስነሳሁህ። ብድርህ አለብኝ። ለቅሶው እስኪነሳ ከዚህ አልነሳም።"

ከዚያ "ለዚነት" ብለው እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። ውሃው ከክርናቸው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።